ግራ የተጋባን አእምሮ መመልከት

ለተመስጦ የሚቀመጥ ሰው አእምሮውን ለማሳረፍ ይመጣል። ጥቂት ደቂቃ ሳይቆይ ግን የትናንት ንግግር፣ የነገ ሥራ፣ የጉልበት ሕመምና «ይህ ነገር ለእኔ አይሆንም» የሚል ሐሳብ ተደራርበው ይመጡበታል። ያኔ አብዛኛው ሰው ትርምሱን ለማባረር ይታገላል። እኔ አብረውኝ ለሚቀመጡ ጀማሪዎች ትግሉን ተዉት እላቸዋለሁ፤ ልንመለከተው የተቀመጥነው እሱኑ ነውና።

በፓሊ ቋንቋ ተጠብቆ የቆየው ሳቲፓታና ሱታ፣ ቡድሃ ስለ ማስተዋል የሰጠው ስብከት፣ የሚመለከቱትን ነገር በአራት ይከፍለዋል፤ አካል፣ ስሜት፣ የአእምሮ ሁኔታ፣ እንዲሁም ትምህርቱ ራሱ የሚዘረዝራቸው ክስተቶች። ሦስተኛው ክፍል ላይ ስደርስ ሁልጊዜ ይገርመኛል። ምኞት የያዘው አእምሮ፣ ጥላቻ የያዘው አእምሮ፣ የተበታተነው፣ የተሰበሰበው፣ ሁሉም ጎን ለጎን ይጠቀሳሉ፤ የሁሉም መመሪያ አንድ ነው፤ ባለበት ሁኔታ ይታወቅ። ከእነሱም መካከል ሞሃ የያዘው አእምሮ አለ። ሞሃ ነገሩን እንደ እውነቱ እንዳናይ የሚጋርደን ብዥታ ነው፤ ከምኞትና ከጥላቻ ጋር ከሦስቱ የመጥፎ ሥራ ሥሮች አንዱ ሆኖ ይቆጠራል።

ከሦስቱ አስቸጋሪው እሱ ነው። ቁጣ ደረትን ያግላል፣ ምኞት ይጎትታል፤ ሞሃ ግን ሲመጣ አይሰማም። ቹላቬዳላ በተባለው ስብከት ውስጥ ዳማዲና የተባለች መነኩሲት ቪሳካ ለተባለ ምእመን ስትመልስ፣ አለማወቅ የሚያደባው ደስም በማይል፣ በማያምምም ስሜት ሥር እንደሆነ ትነግረዋለች። ይህ ለሥራዬ ከረዱኝ ነገሮች ሁሉ ትልቁ ነው። ብዥታን የምፈልገው በትልልቅ ጭንቀቶች ውስጥ ብቻ መሆኑ ቀርቶ፣ ታክሲ ስጠብቅ ወይም ሳህን ሳጥብ በሚያልፉት ምንም ጣዕም በሌላቸው ደቂቃዎች ውስጥም ሆነ።

የምከተለው ዘዴ የበርማው መነኩሴ የማሃሲ ሳያዶ ነው። በርማ ውስጥ ተመስጦ ከገዳም ወጥቶ ወደ ተራው ሰው የሄደበት ታሪክ አለው። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1885 ንጉሡን አስወግደው አገሩን ጠቅልለው ሲይዙ፣ ሃይማኖቱ ጠባቂ አጣ። ሌዲ ሳያዶን የመሳሰሉ መነኮሳት ትምህርቱ እንዳይጠፋ ለገበሬውና ለነጋዴው ማስተማር ጀመሩ። ማሃሲ ሳያዶም እ.ኤ.አ. ከ1949 ጀምሮ ራንጉን ባለው ማዕከል ያስተማሩት ለብዙ ሰው የሚሆን ቀላል አሠራር ነበር። ሆድ በትንፋሽ ሲነሳ «መነሳት»፣ ሲወርድ «መውረድ» እያሉ በልብ መሰየም፤ ሐሳብ ሲመጣ «ማሰብ»፣ ሕመም ሲመጣ «ሕመም»። ግራ መጋባት ሲመጣም «ግራ መጋባት»።

ይህ የመጨረሻው ስያሜ ጥበብ ይጠይቃል። ቶሎ ብለው ከሰየሙት ማባረሪያ ይሆናል፤ ከዘገዩ ደግሞ ሐሳቡ ይዟቸው ይሄዳል። በልኩ ሲሰየም ግን አንድ የመሰለው ነገር ይበታተናል። ግንባር ላይ መወጠር አለ፤ ይህ አካል ነው። ደስ የማይል ስሜት አለ። «ይህ ያ የትናንቱ ጉዳይ ነው» ብሎ የሚለይ አለ። አሁኑኑ ልወስን የሚል ግፊት አለ፣ ብርቱውም እሱ ነው። ይህን ሁሉ የሚያውቅ ንቃትም አለ። አምስት ናቸው፤ ቡድሃ ሰው የምንለውን የከፈለባቸው አምስቱ ክምችቶች። «እኔ» የሚለው ከየትኛው ነው የሚመጣው ብዬ ስመለከት፣ ብዙ ጊዜ የማገኘው ግፊቱ ላይ ተለጥፎ ነው።

ብዙ መጻሕፍት ይህን ትምህርት «ራስ የሚባል የለም» ብለው ያስተዋውቁታል፤ ሰውም ይደነግጣል። ቡድሃ በቫራናሲ አቅራቢያ በኢሲፓታና፣ ለቀድሞ አምስት ባልንጀሮቹ በሰጠው ሁለተኛ ስብከት ያቀረበው ግን ፈተና ነው። አካል ራስህ ቢሆን እንዲህ ሁን ስትለው ይታዘዝህ ነበር። ስሜትም፣ ሐሳብም እንዲሁ። ግራ መጋባትን በዚህ ፈተኑት። ጥፋ ሲሉት አይጠፋም፤ እንቅልፍ ማጣት፣ ጥድፊያና ፍርሃት ሲገናኙ ይነሳል፣ እነሱ ሲበተኑ ይበተናል። የማይታዘዘንን ነገር የእኔ ነው ብሎ መሸከም በከንቱ ያደክማል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። እንቅልፍ ለቀናት የራቀው፣ ሌላው የማይሰማውን ድምፅ የሚሰማ ሰው ብቻውን እንዲቀመጥ መምከር አደጋ አለው። ሐኪም ዘንድ ይሂድ፤ ተመስጦ ይቆይለታል።

ግራ መጋባት ባለቤት ከሌለው ታዲያ በእሱ ለሚደርሰው ጥፋት ማን ይጠየቃል? ከክርስቶስ ልደት በፊት በሁለተኛው መቶ ዓመት በሰሜን ምዕራብ ሕንድ የነገሠው የግሪክ ተወላጅ ሚሊንዳ ከአንድ መነኩሴ ጋር የሚነጋገርበት መጽሐፍ ውስጥ ይህ ክርክር አለ። መነኩሴው ናጋሴና የማንጎ ሌባ ምሳሌ ያመጣል። ሌባው «የወሰድኩት ፍሬ ባለቤቱ የተከለው አይደለም» ቢል ያመልጣል? ንጉሡ አያመልጥም ይላል፤ የተሰረቀው ከተተከለው የመጣ ነውና። ትናንት ግራ ተጋብቶ በእህቱ ላይ ክፉ ቃል የተናገረ ሰውም ዛሬ ያ ሐሳብ በውስጡ የለም። ያዘነችው ግን በዚያ ቃል ነው፤ ስለዚህ ዛሬውኑ ሊደውልላት ይገባል።