የቅንቦ ወተት ሳይደርቅ

የቅንቦ ቅርንጫፍ በመቀስ ሲቆረጥ ነጭ ወተቱ ወዲያው ይንጠባጠባል። እጅ ላይ ይጣበቃል፤ ዓይን ውስጥ ከገባ ክፉኛ ይጎዳል። ከገንዳ ውኃ ወደ መተማ ዮሐንስ በሚወስደው መንገድ ዳር ናሙና ስሰበስብ ቁራጩን ዘቅዝቄ ወተቱ እስኪያቆም እጠብቃለሁ። ሳይንጠፈጠፍ ከተጋደመ፣ ናሙናው ተጭኖ የሚደርቅበት ጋዜጣ ላይ ተጣብቆ ይቀራል፤ ላላቅቅህ ቢሉት ቅጠሉ ይቀደዳል።

ቅጠሉ ወፍራም ነው፤ ውኃውን ቶሎ አይለቅም። ጀማሪ ሳለሁ ጋዜጣውን ሳልቀይር ሁለት ቀን አሳድሬ፣ ማሰሪያውን ስፈታ ቅጠሉ ጠቁሮና ሻግቶ አገኘሁት። ከዚያ ወዲህ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጠዋት ጠዋት ደረቅ ጋዜጣ እቀይራለሁ፤ በየመሃሉም አየር የሚያሳልፍ ካርቶን አስገባለሁ። ፍሬው እንደ ተነፋ ከረጢት ስለሆነ ሙሉውን መጫን አይቻልም። ለሁለት ሰንጥቄ አንዱን ጎን አስተኛለሁ፤ ሐር የመሰለ ጭራ ያላቸውን ዘሮች በትንሽ ፖስታ ለብቻ አስቀምጣለሁ።

የአበባውን ቀለም ግን ማቆየት አይቻልም። ነጩም ሐምራዊ ጫፉም ሲደርቅ ቡናማ ይሆናል። ስለዚህ ቀለሙን፣ የተክሉን ቁመት፣ አፈሩ ዋልካ ይሁን አሸዋ፣ ቦታውንና ቀኑን ወተቱ ሳይደርቅ እዚያው እጽፋለሁ። ስሙንም የአካባቢውን ሰው እጠይቃለሁ። ቅንቦ የሚል አለ፤ ጦቢያ የሚል አለ፤ ድንበሩን ተሻግሮ ገላባት ላይ ዑሸር ይባላል። የዕፅዋት ተመራማሪው ዊልያም አይተን እ.ኤ.አ. በ1789 አስክሌፒያስ ፕሮሴራ ብሎ የሰየመው ይህንኑ ተክል ነው፤ የዛሬው ሳይንሳዊ ስሙ ካሎትሮፒስ ፕሮሴራ ነው።

ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ጌኦርግ ሽቫይንፉርት እ.ኤ.አ. በ1865 መተማ ደርሶ በዚሁ ቆላ ዕፅዋት ሰብስቧል። ብዙዎቹ ናሙናዎቹ የተቀመጡት በርሊን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1943 ማርች 1 ለ2 አጥቢያ የበርሊን ሄርባሪየም (የደረቁ ዕፅዋት ናሙና ማከማቻ) በአየር ድብደባ ተቃጠለና አብዛኛው ስብስብ ዐመድ ሆነ። ከእሳቱ የተረፈው የሽቫይንፉርት ሥራ በአመዛኙ መንትያ ናሙናው ቀደም ብሎ ወደ ሌሎች አገሮች ሄርባሪየሞች የተላከው ነው። ይህን ካወቅሁ ጀምሮ ከአንድ ተክል አንድ ቅርንጫፍ ብቻ ቆርጬ አላውቅም።

ቅንቦ ተራ የመንገድ ዳር ተክል ነው ተብሎ መታለፍ የለበትም። እርጥቡን ከብት ስለማይበላው ግጦሽ በበዛበትና በደከመ መሬት ላይ ይበረክታል። ቦታና ቀን የተጻፈበት አሮጌ ናሙና ከዛሬው ጎን ሲቀመጥ፣ ተክሉ ያኔ የት እንደነበረና ዛሬ የት እንደደረሰ ለማነጻጸር ያስችላል። ቀንና ቦታ የሌለው ናሙና ግን የደረቀ ቅጠል ነው።

ወደ ቆላው ለምትወርዱ የዕፅዋት ተማሪዎች አደራ የምለው ይህንኑ ነው። ከአንድ ተክል ቢያንስ ሁለት ናሙና ውሰዱ፤ አንዱን ለአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ብሔራዊ ሄርባሪየም፣ ሌላውን ለሌላ ስብስብ ስጡ። ማስታወሻችሁንም ማታ ማደሪያችሁ ስትደርሱ ሳይሆን ተክሉ ሥር ቆማችሁ ጻፉ።