አንድ ባንክ፣ ሁለት ቅርንጫፍ

እ.ኤ.አ. ከ2004 እስከ 2006 ባለው ጊዜ የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ፣ ፌዴራል ሪዘርቭ፣ መሪ የወለድ ተመኑን ከ1 በመቶ ወደ 5.25 በመቶ ከፍ አድርጎ ነበር። በተራ ቆጣቢው ደብተር ላይ የሚታሰበው ወለድ ግን በዚያው ልክ አልጨመረም። ምክንያቱ የባንኮች ውድድር ማነስ ነው ብሎ መናገር ለማንም አይከብድም። በማስረጃ ማሳየት ግን ትልቅ ሙያ ይጠይቃል። ይህንን ጥያቄ እየተቀባበሉ የሠሩ ተመራማሪዎች የተዉልን ጽሑፎች በጥንቃቄያቸው ደጋግመው ሊነበቡ የሚገባቸው ናቸው።

መነሻውን የጣሉት የፌዴራል ሪዘርቭ ቦርድ ኢኮኖሚስቶች የነበሩት ቲሞቲ ሃናን እና አለን በርገር ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተሙት ጥናት የመረጡት የሂሳብ ዓይነት ራሱ ብስለታቸውን ያሳያል። በአሜሪካ ባንኮች ለቆጣቢ የሚከፍሉት ወለድ ለብዙ ዓመታት በሕግ ጣሪያ የተበጀለት ነበር። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1982 ግን ጣሪያ የሌለው አዲስ የተቀማጭ ሂሳብ ተፈቀደ። ሁለቱ ተመራማሪዎች ትኩረታቸውን እዚህ ሂሳብ ላይ አደረጉ፤ ተመኑን የሚወስነው ራሱ ባንኩ ነውና።

ከዚያም የገበያ ወለድ ሲወጣ እና ሲወርድ ባንኮች የሚያደርጉትን ለየብቻ መዘኑ። ተመን የማይቀየረው ለውጡ ወጪ ስላለው ብቻ ቢሆን ኖሮ መዘግየቱ በሁለቱም አቅጣጫ እኩል መሆን ነበረበት። ያገኙት ግን ሌላ ነው፤ ባንኮች የቆጣቢውን ወለድ ለመጨመር ይዘገያሉ፣ ለመቀነስ ይፈጥናሉ። ገበያው በጥቂት ባንኮች እጅ በተያዘባቸው አካባቢዎች ደግሞ ተመኑ ይበልጥ አልነቃነቅ ይላል። በዓመቱ የወጣው የዴቪድ ኒውማርክ እና የስቲቨን ሻርፕ ጥናትም ወደዚሁ መደምደሚያ ደረሰ።

ገበያው በጥቂቶች እጅ መሆኑ የሚለካበት መንገድ ቀላል ነው። የእያንዳንዱ ባንክ የገበያ ድርሻ በመቶኛ ተወስዶ በራሱ ይባዛል፣ ውጤቱ ሁሉ ይደመራል። እኩል ድርሻ ያላቸው አሥር ባንኮች ባሉበት ከተማ ድምሩ 1,000 ነው፤ ሁለት ባንኮች እኩል በተካፈሉት ከተማ 5,000፤ አንድ ባንክ ብቻ ባለበት 10,000። ቁጥሩ በጨመረ መጠን የቆጣቢው ምርጫ ይጠባል።

አንድ ጥርጣሬ ግን ሳይፈታ ቀርቶ ነበር። ጥቂት ባንኮች ያሉበት አካባቢ ምናልባት ተበዳሪም የሌለበት አካባቢ ቢሆንስ? የሚያበድረው ሰው ያጣ ባንክ ተቀማጭ ለመሳብ አይጣደፍም፤ ያን ጊዜ ጥፋቱ የውድድር ማነስ ላይሆን ይችላል። ኢታማር ድሬክስለር፣ አሌክሲ ሳቮቭ እና ፊሊፕ ሽናብል እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተሙት ጥናት ይህን ቋጠሮ የፈቱበት መንገድ ከሁሉም ይበልጥ ያስደንቀኛል። የአንድን ባንክ ሁለት ቅርንጫፎች ጎን ለጎን አስቀመጡ፤ አንዱ ብዙ ባንኮች በሚፎካከሩበት ካውንቲ (የአሜሪካ ወረዳ)፣ ሌላው ጥቂቶች በያዙት። ባንክ በአንድ ቅርንጫፍ የሰበሰበውን ገንዘብ በሌላው ሊያበድር ስለሚችል የብድር ፍላጎት ለሁለቱም የጋራ ነው። በመካከላቸው ልዩነት ከታየ የሚመጣው ከተቀማጭ ገበያው ነው። ልዩነቱም ታየ፤ የፌዴራል ሪዘርቭ ተመን ሲጨምር ውድድር በሌለበት ቅርንጫፍ በመሪው ተመን እና በቆጣቢው ወለድ መካከል ያለው ክፍተት ይበልጥ ይሰፋል፣ ተቀማጩም ይበልጥ ይሸሻል።

ወደ ብድር ሲመጡ ደግሞ ንጽጽሩን ገለበጡት። አሁን የተነጻጸሩት በአንድ ካውንቲ የሚያበድሩ የተለያዩ ባንኮች ናቸው። ተበዳሪው ያው ነው፤ የሚለየው ባንኮቹ ተቀማጭ የሚሰበስቡበት ቦታ ነው። ተቀማጫቸውን ውድድር ከሌለበት አካባቢ የሚያመጡት ባንኮች ብድራቸውን ይበልጥ ቀነሱ።

ዋጋውን እና መጠኑን አንድ ላይ ማየታቸውም በዘፈቀደ አይደለም። ሕዝቡ በራሱ ፈቃድ ተቀማጭ ጠልቶ ቢሆን ባንኮች እሱን ለማቆየት ክፍተቱን ባጠበቡ ነበር። ክፍተቱ እየሰፋ ተቀማጩ ከቀነሰ ግን ዋጋውን ያስወደደው ባንኩ ነው። አመክንዮውም ግልጽ ነው፤ ወለድ ሲወደድ ጥሬ ገንዘብ በቤት ማስቀመጥ ብዙ ያሳጣል፣ ስለዚህ የባንክ ደብተር ዋና ተፎካካሪ ይዳከማል።

ጊዜውንም አልዘነጉትም። የወለድ ተመኖችን በየሳምንቱ ተከታትለው፣ ገበያው አስቀድሞ የጠበቀው ለውጥ እንኳ ክፍተቱን እንደሚያሰፋ አሳዩ። ቀድሞ የታወቀ ለውጥ አዲስ ወሬ አይደለምና፣ ውጤቱን ያመጣው ስለ ኢኮኖሚው የተሰማ ድንገተኛ ዜና ነው የሚለው ክርክር በዚህ ተዘጋ።

ሥራው ያለ ተቺ አልቀረም። ጁሊያን ቤጌናው እና ኤሪክ ስታፎርድ ብዙ ባንኮች በየቅርንጫፎቻቸው አንድ ዓይነት ተመን ስለሚለጥፉ የቅርንጫፍ ንጽጽሩ ምን ያህል ይሸከማል ሲሉ ሞግተዋል። ሙግቱ ተገቢ ነው። ሊነሳ የቻለውም ደራሲዎቹ እያንዳንዱን እርምጃ በግልጽ አስቀምጠው ስለሄዱ ነው፤ የት ቦታ መፈተን እንዳለበት አንባቢው ከራሱ ከጽሑፉ ያገኘዋል። የጥሩ ምርምር መለያም ይኸው ነው።

ነገሩ ለእኛም ቅርብ ሆኗል። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የገንዘብ ፖሊሲውን በወለድ ተመን መምራት ጀምሯል፤ መነሻውንም 15 በመቶ አድርጓል። ይህ ተመን እስከ ቆጣቢው ደብተር ድረስ መዝለቅ አለመዝለቁን የሚወስነው የባንኮቻችን ውድድር ነው። ብሔራዊ ባንክ የየቅርንጫፉን ተቀማጭ እና ተመን ለተመራማሪዎች ክፍት ያድርግ፤ ወጣት ኢኮኖሚስቶቻችንም እነዚህን ጽሑፎች አጠገባቸው አድርገው ሥራውን ይጀምሩ።