በጥቂት ገንዘብ ስለ ተሠራ ትልቅ ፊልም

በቤተ መቅደስ ሁለት ናስ የጣለችው መበለት የተመሰገነችው ስጦታዋ ጥቂት ስለ ሆነ አይደለም፤ ካላት አንዳች ሳታስቀር ስለ ሰጠች ነው። በጥቂት ገንዘብ የሚሠራ የመጀመሪያ ፊልምም በዚሁ ሚዛን ቢመዘን ፍርዱ የቀና ይሆናል።

ለዚህ ነገር ምስክር የሚሆነው ኃይሌ ገሪማ ባገራቸው ምድር የሠሩት የመጀመሪያው ረጅም ፊልም «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ነው። የጎንደሩ ተወላጅ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1974 ዓ.ም. ይህን ሥራ ሲጀምሩ ገና በሎስ አንጀለስ የፊልም ተማሪ ነበሩ። የያዙት 16 ሚሊሜትር ጥቁርና ነጭ ፊልም፥ የሥዕል ማንሣቱም ጊዜ ሁለት ሳምንት ያህል ብቻ ነበረ። በካሜራው ፊት የቆሙትም ሰዎች የቴአትር ሙያተኞች አልነበሩም። ንጉሣዊው መንግሥት ወድቆ ወታደሮች የሚተኩበት ወራት ስለ ነበረ፥ ጊዜውም ለመዘግየት የሚመች አልነበረም።

ታዲያ ድኽነቱ ራሱ ለሥራው መልክ ሰጠው። ያማረ አዳራሽ በሌለበት እርሻው፥ በሬውና ኮረብታው አዳራሽ ሆኑ። ባለርስቱ በደጁ ተቀምጦ ጭሰኞቹን ይቆጣጠራል፤ ካሜራውም አይቸኩልምና ተመልካቹ የገበሬውን ድካም በዓይኑ ብቻ ሳይሆን በትዕግሥቱ ይለካዋል። ከብት ጠባቂዪቱ ልጅ ላሚቱን ለማዳን ስትል በወንዝ ሙላት ስትወሰድ፥ ከብት ከሰው ነፍስ የከበረበት ሥርዓት ያለ ስብከት ይገለጣል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት መሆኑ ሲታወጅ ጭሰኝነት ቀረ፤ የአርጆና የነቀምቴ ሽማግሌዎች ግን ነገሩን ከኑሮ ያውቁታልና ታሪኩ የእነርሱም ነው።

ፊልሙ በ1976 በስዊስ አገር በሎካርኖ ተሸልሟል። ይሁን እንጂ ነቀፌታ የለበትም አይባልም። ባለርስቱ ከጩኸትና ከትዕቢት በቀር ሌላ ጠባይ አልተሰጠውም፤ የክፉ ሰው ክፋት ይልቁን የሚያስፈራው ሰውነቱም አብሮ ሲታይ ነው። መሬቱን ያጣውና እንደ እብድ የሚቆጠረው ከበበም ንግግሩ አንዳንድ ጊዜ ከታሪኩ ይረዝማል። እርሱ በመጨረሻ ባለርስቱን ሲገድል፥ በቀል ፍርድ ይባላልን ብለው ካህናት ቢጠይቁ ተገቢ ነው። ፊልሙ ቁጣው ከየት እንደ መጣ በሚገባ ያስረዳል፤ ከደሙ በኋላ ምን እንደሚቀር ግን እምብዛም አይመረምርም።

እነዚህ ጉድለቶች ከገንዘብ ማነስ የመጡ አይደሉም፤ ከድርሰቱ ናቸው። ድርሰትን ማረም ደግሞ ወረቀትና ትዕግሥት እንጂ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ዛሬ ካሜራ በስልክ ውስጥ ገብቶ በኪስ ስለሚያዝ፥ ከአርጆ ደጋ እስከ ዴዴሳ ቆላ ያለ ወጣት ፊልም መሥራት ቢያስብ ይህን ያስተውል። የባለጸጋን ሳሎን ተበድሮ ያልኖረበትን ኑሮ ከሚቀዳ፥ የሚያውቀውን መንደር በሚያውቀው ቋንቋ ቢያሳይ ይሻለዋል። ኦነሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ መጽሐፍ ቅዱስን በኦሮምኛ አዘጋጅተው በ1899 ለኅትመት ያበቁት ሀብት ተርፏቸው አልነበረም፤ የሕዝባቸውን አንደበት ጠንቅቀው ስላወቁ ነው። የገንዘብ ማነስ ለሠሪው ይቅርታ የሚያሰጠው ገንዘብ ለሚገዛው ነገር ብቻ ነው፤ እውነትንና ትጋትን ግን ማንም ከገበያ አይገዛቸውም።