ማይክሮፎኑ ሳይከፈት

የእግር ኳስ ክለብ ነጋዴዎችን ጠርቶ እራት ሲያበላ በአንድ አዳራሽ ውስጥ ሁለት ሥራ ይሠራል። አንዱ ማይክሮፎን ተይዞ ቃል የሚገባበት ነው፤ ሌላው ከወንበር ወንበር እየተዞረ የሚሠራው ትውውቅ ነው። ከሸዋ ሮቢት ሽንኩርትና ማሾ ወደ አዲስ አበባ የምልክ ነጋዴ ነኝ። ለክለቡ አቅሜ የፈቀደውን አዋጣለሁ፤ የጣርማ በርን ዳገት ወጥቼ የምሄደው ግን ለትውውቁ ነው።

ክለቦቻችን ለምን እንደሚጠሩን ማወቅ ይበጃል። ለዓመታት ቢራ ጠማቂዎች የኳሱ ዋና ደጋፊዎች ነበሩ። ቅዱስ ጊዮርጊስ ከቢጂአይ፣ ፋሲል ከነማ ከዳሸን፣ ኢትዮጵያ ቡናም እዚሁ ደብረ ብርሃን ላይ ከሚጠመቀው ሐበሻ ቢራ ጋር ሠርተዋል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያን ከብሮድካስትና ከመንገድ ዳር ሰሌዳ ሲያግድ ያ ምንጭ ሳሳ። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ የፕሪምየር ሊጉ ጨዋታዎች በጥቂት ከተሞች እየተዘዋወሩ መካሄድ ጀመሩ፤ ብዙው ክለብም ከገዛ ሜዳውና ከትኬት ሽያጩ ራቀ። ጨዋታው በቴሌቪዥን ቢታይም ክለቡ የሚደግፈው ነጋዴ ይፈልጋል። ይህን የሚያውቅ ተጋባዥ አንገቱን ደፍቶ አይገባም።

አዳራሹ ውስጥ ትልቁ ፈተና የአገር ልጅ ነው። ሸዋዬ ከሸዋዬ፣ ጎንደሬ ከጎንደሬ ጠረጴዛ ይይዛል፤ ጨዋታው ይጣፍጣል፣ አዲስ ሰው ግን አይገኝም። ስለዚህ ቀደም ብዬ እገባና ማንንም የማላውቅበት ቦታ እቀመጣለሁ። ኳስ አፍ ያስከፍታል። ስለ ዳኛው ውሳኔና ስለ አዲሱ አጥቂ ሲወራ የባንክ ሥራ አስኪያጁም፣ የመለዋወጫ አስመጪውም፣ እኔም እኩል ደጋፊ ነን። ከዚያ ወዲያ የምጠይቀው ጥቂት ነገር ነው፦ ምን ትገዛላችሁ? የሚያጥራችሁ መቼ ነው? ምን ያስቸግራችኋል? ሰውየው ማሾ ላኪ ከሆነ ወሬያችን ስለ ጠጠርና ስለ እርጥበት ይሆናል።

አንድ ጊዜ ከእንግዶቹ ሁሉ ይልቅ የጠቀመችኝ እራቱ የተዘጋጀበት ሆቴል የግዥ ሠራተኛ ነበረች። ድግሱ በሥርዓት መሄዱን ለማየት በሩ አጠገብ ቆማ፣ የክለቡን ሻርፕ አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ ነበር። ስለ ቡድኑ አወራንና ሽንኩርት ከየት እንደሚያመጡ ጠየቅኋት።

«ጋሼ፣ ዋጋውንስ እንችለዋለን» አለችኝ፤ «ከላይ ሲያዩት ደህና ነው። በሦስተኛው ቀን ከጆንያው ሥር ውሃ ያወጣል።»

ይህን ችግር ከነመነሻው አውቀዋለሁ። የቆላ ሽንኩርት ከመነቀሉ በፊት ውሃ ሊቋረጥበት ይገባል፤ ከተነቀለም በኋላ አንገቱ እስኪደርቅ ጥላ ሥር መሰጣት አለበት። ገበያው ሲጣደፍ ይህ ይዘለላል። በሙቀቱ ተጠቅጥቆ ሌሊቱን ይጓዝና ከውስጥ ይበሰብሳል። ስለ ዋጋ አንዲት ቃል አልተናገርኩም። አንገቱን በሁለት ጣት ይዛ እንድትጫነው፣ ከለሰለሰ እንዳትቀበል ነገርኳት። በሳምንቱ አንድ ጆንያ ቦምቤ ሬድ ሽንኩርት ላክሁላትና «ሳትነኩት ሳምንት አስቀምጡት፣ ከዚያ ክፈቱት» አልኳት። ደንበኝነታችን የተጀመረው ጆንያው ከተከፈተ በኋላ ነው።

አካባቢያችን ይፋት ለዚህ የትውውቅ ሙያ አስተማሪ አጥቶ አያውቅም። ከዘይላ ወደብ ወደ መሃል አገር የሚወስደው የንግድ መንገድ ድሮ በዚህ ያልፍ ነበር። ዛሬም እሑድ ሰንበቴ ገበያ ላይ አፋሩ፣ አርጎባው፣ ኦሮሞውና አማራው ሲገናኙ ሰላምታው ረጅም ነው፤ ዝናቡ፣ ከብቱ፣ ልጁ ሳይጠየቅ ዋጋ አይነሣም። የሆቴሉም አዳራሽ ሥርዓቱ ያው ነው። በየጠረጴዛው ካርድ እየበተነ የሚዞር ሰው በማግስቱ ስሙን የሚያስታውስለት የለም። እኔ የምቀበለው ካርድ ጥቂት ነው፤ ማታውኑ ጀርባው ላይ ሰውየው ያነሣውን ችግር እጽፍና ሳይረሳኝ እደውላለሁ። ግማሹ ሥራ ያ ስልክ ነው።

እንዲህ ያለ ትውውቅ ምን እንደሚያወጣ የለየልኝ በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ላይ የሰሜኑ ጦርነት እስከ ደብረ ሲና ደርሶ መንገዱ ሲዘጋ ነው። በዋጋ ብቻ የተገናኘኋቸው ገዢዎች በዚያው ቀሩ። በኳስ ወሬ የጀመርናቸው ግን መንገዱ እንደተከፈተ «ቤተሰብ ደህና ነው?» ብለው ደወሉ፤ ስለ ሽንኩርቱ የጠየቁት ከዚያ በኋላ ነው።

በእነዚህ ምሽቶች ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ። ማይክሮፎኑ ቶሎ ይከፈታል። ስምና የብር መጠን መጠራት ሲጀምር ወሬው ሁሉ ይቆማል፤ አቅሙ ትንሽ የሆነው ነጋዴ አንገቱን ይደፋል ወይም በጓሮ በር ይወጣል። በሞቅታ የተገባው ቃልም ሁሉ ገቢ አይሆንም። እንግሊዝ አገር ብዙ ክለቦች የነጋዴዎች ማኅበር አላቸው፤ አባሉ ዓመታዊ መዋጮ ይከፍላል፣ ክለቡ ደግሞ ጨዋታ በሌለበት ቀን ሳይቀር እየሰበሰበ እርስ በርስ ያስተዋውቃቸዋል። ነጋዴው የሚከፍለው ጥቅሙን ስለሚያየው ነው፤ ክለቡም በየዓመቱ የሚተማመንበት ገቢ ያገኛል። ይህን እኛም ልንሠራው እንችላለን።

ስለዚህ የሚቀጥለውን እራት ለምታዘጋጁ የክለብ አመራሮች ልመናዬ ይህ ነው። ማይክሮፎኑ ከመከፈቱ በፊት አንድ ሙሉ ሰዓት ስጡን። ጠረጴዛ ላይ በምታስቀምጡት የስም ወረቀት ሥራችንንና ከተማችንን ጨምሩበት። ጥሪውንም ከአዲስ አበባ አሻግራችሁ ወደ ሸዋ ሮቢት፣ ወደ አጣዬና ወደ ሰንበቴ ላኩት። እዚህም ደጋፊ አላችሁ።