በአፍሪቃ አዳራሽ ያለው የመስተዋት ሥዕልና የመንግሥታት ፖለቲካ

ኪነ ጥበብ ከመንግሥታት ፖለቲካ ጋር ሲገናኝ ሁለት ዓይነት ፍርድ ይሰማል። አንደኛው ሥራውን ከተሠራበት ጉዳይ ለይቶ ውበቱን ብቻ ያመሰግናል፤ ሁለተኛው በመንግሥት ፈቃድ የተሠራ ነው በማለት ሳይመረምር ያልፈዋል። በአዲስ አበባ በአፍሪቃ አዳራሽ የሚገኘው የሠዓሊ አፈወርቅ ተክሌ የመስተዋት ሥዕል የሁለቱንም ፍርድ ጉድለት የሚገልጽ ነው።

አዳራሹ ለተባበሩት መንግሥታት የአፍሪቃ ኤኮኖሚ ኮሚሲዮን መቀመጫ እንዲሆን በአርቱሮ መዜዲሚ ንድፍ ተሠርቶ በጥር 1953 ዓ.ም. ተመረቀ። ሥዕሉ በሦስት መስኮቶች ተከፍሎ 150 ካሬ ሜትር ያህል ይሸፍናል፤ ያለፈውን መከራ፣ ትግሉንና የወደፊቱን ተስፋ ይናገራል። ክፋት በዘንዶና በዐፅም ተመስሏል። በተስፋው ክፍል ችቦ የያዘ የኢትዮጵያ ቤተሰብ ከፊት ይታያል፤ ሌሎች አፍሪቃውያን በየአገራቸው ልብስ አጊጠው ይከተላሉ፤ ከበስተኋላ ደግሞ ጥሩር የለበሰ ተዋጊ ከተባበሩት መንግሥታት ዓርማ ጋር ቆሟል።

በመጀመሪያ ዘንዶውን መመልከት ይገባል። የቅዱስ ጊዮርጊስን ሥዕል እያየ ላደገ ሰው የዘንዶው ትርጉም ግልጽ ነው፤ ነገር ግን ይህ ዘንዶ አገር የለውም። ኮሚሲዮኑ በ1950 ዓ.ም. ሲቋቋም ብሪታንያ፣ ፈረንሳይና ፖርቱጋልም ከአባሎቹ መካከል ነበሩ። ገዢና ተገዢ በአንድ ጉባኤ በሚቀመጡበት አዳራሽ የበዳዩን ስም የማይጠራ ምሳሌ ለሁሉም የሚመች ነው። ስለዚህ ከቤተ ክርስቲያን ሥዕል የመጣው ምልክት እዚህ የዲፕሎማሲን አገልግሎት ይሰጣል፤ በዚያው መጠንም የታሪክን ስለት ያጣል። መከራው ይታያል፤ መከራውን ያደረሰው ግን ተሰውሯል።

ከዚህ ይልቅ የሚከብደው የባለ ጥሩሩ ነገር ነው። አዳራሹ በተመረቀበት በዚያው በጥር ወር የተባበሩት መንግሥታት ጦር፣ ከውስጡም የኢትዮጵያ ወታደሮች፣ በኮንጎ ሰፍረው ሳሉ ፓትሪስ ሉሙምባ ተገደለ። ዓርማው እንደ አዳኝ በቆመበት ወቅት አዳኝነቱ በመሬት ላይ ተፈትኖ ወደቀ። ይህን የሚያስታውስ ተመልካች ሥዕሉን የዋህ ነው ቢለው አይፈረድበትም።

ሆኖም ፍርዱ በዚህ ቢቆም ጐደሎ ይሆናል። ኢትዮጵያ በሰኔ 1928 ዓ.ም. በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት አቤት ብላ የሚረዳት ያጣች አገር ናት። ትንሽ መንግሥት ከታላላቆች ጉልበት የሚጠለልበት ሕግና የጋራ ኃይል መሻቱ ከዚያ ቁስል የመነጨ ነው። ጥሩሩ የምስጋና ብቻ አይደለም፤ የመጠየቂያም ምልክት ነው። የመጀመሪያው ማኅበር ያልታጠቀውን ሁለተኛው ይታጠቅ ዘንድ ይጠይቃል። በዚህ መንገድ ሲነበብ ባለ ጥሩሩ የተፈጸመ ነገር ምስክር ሳይሆን ያልተከፈለ ዕዳ ማስታወሻ ይሆናል።

የኢትዮጵያ ቤተሰብ ከፊት መቆሙም የፖለቲካ ቃል ነው። የአፍሪቃ አንድነት ድርጅት ቻርተር ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. በዚያው አዳራሽ በተፈረመ ጊዜ ሥዕሉ ቀድሞ የተናገረው የመሪነት ጥያቄ ከፊል ፍጻሜ አገኘ። ይሁን እንጂ ከኋላ የሚከተሉት ሕዝቦች ችቦውን ከማን እንደተቀበሉ ቢጠየቁ ብዙዎቹ ከገዛ ትግላቸው ነው ባሉ ነበር።

ስለዚህ ሥዕሉ ለመንግሥት መሥራቱ ነቀፋ፣ በቀለሙ ማማሩም ብቻውን ምስጋና አይሆነውም። የሥራው ዋጋ የአንድን ዘመን ተስፋ ከነስውር ክፍሉ አጣምሮ በመያዙ ነው። አዳራሹ ታድሶ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ዳግመኛ ተከፍቷል፤ ብርሃኑም በመስተዋቱ በኩል ይገባል። ከሥሩ ለሚሰበሰቡት መንግሥታት ሥዕሉ የሚያቀርበው ጥያቄ ግን አልታደሰም፤ ዘንዶው ማን እንደሆነ፣ ጥሩሩም ለማን እንደተለበሰ መልስ ይጠብቃል።