ሁለት ገጽ

በ2010 ዓ.ም. ለንደን የሚገኘው የብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት ብራናዎቻችንን አውጥቶ ለሕዝብ አሳየ። የዐውደ ርእዩ ስም «አፍሪካውያን ጸሐፍት፤ የኢትዮጵያ የብራና ባህል» የሚል ነበር። ስሙን ወድጄዋለሁ። አፍሪካ ጽሑፍ አታውቅም ሲል ለኖረ ሁሉ ጥሩ መልስ ነው።

ቅሬታዬ ሌላ ነው። መጽሐፍ መስታወት ውስጥ ሲገባ የሚገለጠው ሁለት ገጽ ብቻ ነው። አሳዪው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሥዕል ያለበትን ይመርጣል። ተመልካቹ «ሲያምር!» ብሎ ያልፋል። ጽሑፉስ? ጌጥ ሆኖ ቀረ። ተአምረ ማርያም እኮ የሚነበበው ሕዝብ ቆሞ እየሰማው ነው።

አመጣጣቸውንም አንርሳ። የዚያ ቤተ መጻሕፍት የኢትዮጵያ ብራናዎች አብዛኞቹ የመቅደላ ናቸው። ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ራሳቸውን ከሠዉ በኋላ የእንግሊዝ ጦር ዘረፋውን በ15 ዝሆንና ወደ 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ጭኖ ወጣ፤ ደላንታ ላይም ለሁለት ቀን ተጫረተበት። 350 ያህል ብራና ለንደን ገባ። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ንጉሡም ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ሲሰበስቡ ካህናቱ ወደውና ፈቅደው የሰጧቸው አይመስለኝም። ቢሆንም የሰበሰቡት ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ነበር፤ ሊነበብበት።

የመጽሐፍ ጥቅም በደንብ የገባቸው ዐፄ ዮሐንስ ናቸው። በ1864 ዓ.ም. «ክብረ ነገሥት ከሌለ ሕዝቡ አይታዘዝልኝም» የሚል መልእክት ያለው ደብዳቤ ለእንግሊዝ ጻፉ። ተመለሰላቸው። ስለ ሐረጉና ስለ ሥዕሉ ውበት አላነሱም፤ መጽሐፉ ሥራ ነበረው።

ዛሬ እኛም «ይመለሱ» እንላለን። እኔም እላለሁ። ተመልሰው ግን ምን ሊሆኑ? ስድስት ኪሎ፣ ገነተ ልዑል ውስጥ፣ በ1955 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍትም ሙዚየምም አለው። ሥነ ጽሑፍ በማስተምርበት ዘመን ተማሪዎቼን «ብራና በዓይኑ ያየ?» ስል ጥቂት እጆች ይወጡ ነበር። «ያነበበስ?» ስል ክፍሉ ጸጥ ይላል። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ማለት ይኼው ነው።

ከለንደን መስታወት አውጥቶ አዲስ አበባ መስታወት ውስጥ መክተት ብቻውን መመለስ አይባልም። ግዕዙን አንብቦ የሚተረጉምልን ሰው ከሣጥኑ አጠገብ እስኪቆም ድረስ፣ እኛም ሁለት ገጽ አይተን «ሲያምር!» ብለን የምናልፍ እንግዶች ነን።