የጋራ መዝገብና የዑለማእ ታሪክ

በ2001 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ዊኪፒዲያ የታሪክ ሰዎችን ሕይወት የሚጽፈው በበጎ ፈቃደኞች የጋራ ድካም ነው። የየጽሑፉ የለውጥ መዝገብ ማን፣ መቼ፣ ምን እንዳሻሻለ ያሳያል፤ ይህ ያስመሰግነዋል። ሆኖም የጸሐፊዎች ዝርዝር ኢስናድን፣ ማለትም የዘጋቢዎችን ሰንሰለት፣ አይተካም። ኢብን ኸሊካን (1211–1282 እ.ኤ.አ.) «ወፈያት አል-አዕያን»ን ሲያዘጋጅ የሞቱበትን ዘመን ሊያረጋግጥ የቻለላቸውን ሰዎች መረጠ፤ መስፈርቱ ማረጋገጥ ነበር። የዊኪፒዲያ ደንብ ግን የታተመ ምንጭ ይሻል። ስለዚህ እንደ ሼህ ጠልሐ ቢን ጃዕፈር ካሉ የወሎ ዑለማእ ታሪክ በቃልና ባልታተሙ የእጅ ጽሑፎች የተላለፈው ክፍል ከደጅ ይቀራል። በእኛ እይታ ደንቡን መውቀስ ብቻውን አይበቃም፤ ጽሑፎቹን መርምሮ ከነዘጋቢዎቻቸው ማሳተም የእኛ የአጥኚዎች ዕዳ ነው።